የጽጌን መኪና ፍለጋ ወደ ጁባ

ከቤት እስከ ቦሌ

ሰው ወደ ጁባ የሚሄደው ሊነግድ፣ ሊቀጠር ወይም የቀደመውን ዘመድ ሊጠይቅ ነው። እኔ በጥር 2010 ዓ.ም. የሄድኩት መኪና ለማየት ነው። ገዢው እኔ አይደለሁም፤ ነጂውም እኔ አይደለሁም። ታናሽ እህቴ ጽጌ ደውላ፣ ለቤተሰብ የሚሆን መካከለኛ አውቶሞቢል ልትገዛ እንደሆነና መጥቼ መኪናውን እንድመርጥላት ነገረችኝ። ትኬቱን እሷ ቆረጠች፤ እኔ ከሥራዬ የአሥር ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ሥራዬ መንዳት ማስተማር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። መካኒክ አይደለሁም፤ ነገር ግን በሰፈራችን መኪና የሚገዛ ሰው እኔን ሳይዝ አይሄድም። ኮፈኑን አስከፍቼ፣ ላሜራውን በጣቴ እያንኳኳሁ፣ አንገቴን ወዲህና ወዲያ ሳደርግ ሻጩ ይጨነቃል፣ ገዢው ይኮራብኛል፣ ከዚያ ምሳ ይጋብዘኛል። ይህን ነገር እወደዋለሁ ብዬ መናገር አያሳፍረኝም።

ከጽጌ ጋር ግን አንድ የቆየ ጉዳይ አለን። ከአሥር ዓመት በፊት ወርቋን ሸጣ፣ ዕቁቧን ጨምራ፣ እኔ የመረጥኩላትን ሚኒባስ ገዝታ ታክሲ አሠማርታው ነበር። በሦስተኛው ወር ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ማሳደሻ ስላልነበራት በወደቀ ዋጋ ሸጠችውና በዚያው ዓመት ጁባ ገባች። አልወቀሰችኝም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ግን አልደወለችልኝም። ስለዚያ ሚኒባስ እኔ የማውቀው፣ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። አሁን እንደገና «ምረጥልኝ» ስትለኝ ደስታዬና ፍርሃቴ እኩል ሆኑ። ሁለተኛ ብሳሳት ሦስተኛ ጊዜ እንደማትጠራኝ አውቃለሁ።

ሻንጣዬ ውስጥ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለልጇ ለቤዛዊት አንድ ቀሚስ፣ ደግሞም ሁለት መሣሪያዎቼ ነበሩ። አንዱ በጨርቅ የጠቀለልኩት ማግኔት ነው፤ ላሜራው ላይ ሳንሸራትተው አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፣ መኪናው ተጋጭቶ ነበር ማለት ነው። ሌላው ረጅም ካቻቢቴ ነው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጥበታለሁ። ሚስቴ ሻንጣውን ስትዘጋ ካቻቢቴውን አይታ ሐኪም መሰልክ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጁባ

በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም። የአዲስ አበባን የጥር ብርድ በሹራብ ተከላክዬ ተነስቼ፣ ጁባ ላይ ከአውሮፕላኑ ስወርድ ሹራቡን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የመንገደኛ መቀበያው ትልቅ ድንኳን ነው። ሻንጣዬን የፈተሸው ወጣት ካቻቢቴውን አንስቶ በእንግሊዝኛ መካኒክ ነህ ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ግን ሰልፉ ረጅም ነበር።

የተቀበለኝ የጽጌ ባል ደሳለኝ ነው። ቶንፒንግ በሚባለው የጁባ ሰፈር በአንድ የውጭ ድርጅት ግቢ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። የወንጌል አማኝ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ቁመቱ ግን በር ጎንበስ ብሎ የሚያስገባ ሰው ነው። መንዳት አይችልም፤ የኮንትራት መኪና ይዞ ነው የመጣው።

ጁባ እንደ እኛው በመንገዱ ቀኝ በኩል ይነዳል። ከዩጋንዳ በኩል የገቡት መኪኖች ግን መሪያቸው በቀኝ ነው፣ እነሱም ብዙ ናቸው። ከፊታችን በሚመጣ መኪና የሾፌር ወንበር ላይ አንዲት ሴትዮ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ተኝታ ሳይ፣ እግሬ ሳላዘው ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ረገጠ። ደሳለኝ አየኝና «ጋሽ ታደሰ፣ መሪው በወዲያ በኩል ነው፤ አይስጉ» አለኝ።

ጽጌ የምግብ ቤቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስምንት ጠረጴዛ ያላት፣ ጥብስና ሽሮ የሚወጣባት፣ ግቢዋ የተጠረገ ቤት ናት። እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አቅፋኝ «ወንድም ጋሼ፣ ከሳህ» አለችኝ። አልከሳሁም፤ እንዲያውም ቀበቶዬን ከለቀቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ ከነጭ ዓባይ የወጣ ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልኝና እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከምግቡ በኋላ ለምን መኪና እንደምትፈልግ አስረዳችኝ። ይህ ቤተሰብ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ቦዳ ቦዳ ነው። ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ነው፤ ለአጭር መንገድ ሁለት መቶ ፓውንድ ያስከፍላል። በአንዱ እሷ ማለዳ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ትሄዳለች፣ በሁለተኛው ሽንኩርቷ ይመጣል፣ በሦስተኛው ደሳለኝ የሰባት ዓመቷን ቤዛዊትን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሐኪሟ ባለፈው ወር ሞተር ሳይክል ላይ እንዳትወጣ ከልክሏታል። ምግብ ቤቱ ደግሞ ያለ እሷ ገበያ አይሆንለትም፤ ሌላ ሰው ሽንኩርት ሲገዛላት ግማሹ የበሰበሰ ይመጣል። ስለዚህ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት መኪና ያስፈልጋታል። ያላት ገንዘብ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው። መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው አዲስ አበባ ነው፤ ያሠለጠንኳትም እኔ ነኝ፤ ኋላ ማርሽ ላይ እስካሁን ቅር ይለኛል።

ሰኞ፣ አዲስ ወይስ ያገለገለ

እሑድ ጽጌ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ደሳለኝ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄዱ። ማታ አብረን ተቀምጠን መኪናዋ ምን ምን ማሟላት እንዳለባት ተነጋገርን። አምስት ሰው በምቾት ታስቀምጥ፤ የደሳለኝ ጭንቅላት ጣሪያ አይንካ፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ አንድ ጆንያ ጤፍና ሁለት ሣጥን ለስላሳ ይዋጥ፤ ማቀዝቀዣዋ ይሥራ፤ ሆዷ መሬት አይላስ። ይህንን ሁሉ ወረቀት ላይ አሰፈርኩና ኪሴ ከተትኩት።

ሰኞ መጀመሪያ ያየነው አዲስ ነበር። አንድ አስመጪ ቶንፒንግ ውስጥ ያልተነዳ አውቶሞቢል አለኝ ብሎ ለደሳለኝ ነግሮት ነበር። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም፤ ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ። ውብ መኪና ነው። ጽጌ ከኋላ ተቀምጣ ማቀዝቀዣውን አስከፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ዋጋው ሃያ ስምንት ሺህ ዶላር ነው ሲለን አልከፈተችውም። ደሳለኝ ደግሞ ሲገባ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ገጭቶ፣ ጎንበስ ብሎ እንደ ጸሎት ቆየ። አሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጣ ስትወርድ «ምንም ካልሆነ ቀዝቅዣለሁ» አለች። የአዲስ መኪና ጉዳይ በዚህ ተዘጋ።

ከዚያ ወደ ኮንዮ ኮንዮ በሚወስደው መንገድ ወዳለ ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ግቢ ሄድን። እዚያ ሳይመን ተቀላቀለን። ሳይመን የጽጌን ጄኔሬተር የሚጠግን መካኒክ ነው። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ግን ጋምቤላ አድጎ፣ አዲስ አበባ ገርጂ ስድስት ዓመት ጋራዥ ሠርቶ ነው የተመለሰው። አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። እውነቱን ለመናገር መምጣቱ አላስደሰተኝም። ሐኪም ባለበት ቤት ሌላ ሐኪም ሲጠራ የሚሰማ ዓይነት ቅሬታ ነው የተሰማኝ።

ግቢው ውስጥ ገና እንደገባን አንዲት ብርማ አውቶሞቢል ልቤን ወሰደችው። ከዱባይ የመጣች፣ መሪዋ በግራ፣ የወንበሮቿ ላስቲክ ያልተነሳ፣ ኪሎ ሜትሯ ጥቂት። ማግኔቴን አውጥቼ ዙሪያዋን ዞርኩ፤ የትም አልለቀቀም። በጣቴ አንኳኳሁ፤ ላሜራዋ ያልተነካ ነው። ጆንያው ይገባል፣ ደሳለኝ ይቀመጣል፣ ማቀዝቀዣዋ ያንቀጠቅጣል። አስነስተን እስከ አየር ማረፊያው አስፋልት ድረስ ነዳኋት፤ ድምፅ የላትም። ዋጋዋ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ነው። ጽጌ ከኋላ ሆና መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች። ፊቷን በስፖኪዮ አየሁት፤ መኪናዋን በልቧ ወስዳታለች።

ሳይመን ግን ከግቢው ጥግ አቧራ የለበሰች አንዲት ሰማያዊ መኪና አሳየኝ። አንዲት ዩጋንዳዊት መምህርት አገሯ ልትመለስ ስለሆነ ለሽያጭ ያቆመቻት ናት። ፓራውልቷ ተቧጭሯል፣ መሪዋ በቀኝ ነው። እኔ በሯንም አልከፈትኩም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀኝ መሪ መኪና ማን ይገዛል፣ ስንሸጣት ምን ልናደርግ ነው፣ ብዬ ንግግሬን ስቀጥል ሳይመን በትሕትና አቋረጠኝ።

«ጋሼ፣ ጽጌ መኪናዋን የምትገዛው ልትነዳት ነው ወይስ ልትሸጣት?»

እኛ አዲስ አበቤዎች መኪና ስንገዛ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ስንሸጠው ስንት ያወጣል ነው። ገና ቁልፉን ሳንቀበል ቀጣዩን ገዢ እናስባለን። ለእሱ ብለን የወንበር ላስቲክ አናነሳም፣ ለእሱ ብለን በላብ ተጣብቀን እንነዳለን። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ግን ተናድጄ ብርማዋን ነገ ጠዋት እናጠናቅቃለን አልኩ።

ማክሰኞ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ

ሌሊቱን አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ሰኞ ብርማዋን ከማስነሳታችን በፊት ኮፈኗን በእጄ ስነካው ሞቆ ነበር። ፀሐይ ነው ብዬ አለፍኩት። መኪናዋ ግን የቆመችው ጥላ ሥር ነው። ሻጩ መምጣታችንን ያውቅ ነበር፤ ቀደም ብሎ አስነስቷት ይሆናል።

ለጽጌ ነገርኳት። ሻጩ ለሦስት ሰዓት ነበር የቀጠረን፤ ሳይመንን ይዘን አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ደረስን። ዘበኛው ከፈተልን፤ ሻጩም ቤቱ እዚያው ስለሆነ ፊቱን ታጥቦ መጣ፣ ሻይ አስቀዳልን። ጨዋ ሰው ነው። ኮፈኑን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ካቻቢቴዬን ሞተሩ ላይ ተክዬ ጆሮዬን አስጠጋሁና ጽጌ ቁልፉን እንድታዞር በእጄ ምልክት ሰጠኋት።

ሞተሩ ተነሳ። ከታች፣ ከሞተሩ ሆድ በኩል፣ ቀስ ያለ መንኳኳት ሰማሁ። አራት አምስት ጊዜ ይሆናል። ከዚያ ጠፋ። ሞተሩ እንደ ትናንቱ ድምፁን አጥፍቶ መሥራት ጀመረ።

ቀና ስል ሦስቱም ያዩኛል። ጽጌ ከመሪው ኋላ፣ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ፣ «እሺ፣ ምን አልክ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከአሥር ዓመት በፊት በዚሁ ድምፅ ሰምቼው ነበር። ያኔም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ አንኳኩቶ ጠፍቶ ነበር። ያኔም ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሰፈሩ ሁሉ መኪና አዋቂ የሚለኝ ሰው አላውቅም ማለት ስላፈርኩ፣ የብርድ ነው ምንም አይደለም ብዬ ነበር ያስገዛኋት። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ይህ ነው።

ካቻቢቴውን ለሳይመን ዘረጋሁለትና «አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አንተ ስማው» አልኩት።

ሳይመን አጥፍቶ አስነስቶ አዳመጠ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጣቱ መካከል አሸው። ዘይቱ እንደ ማር ተጎተተ። ድምፅ እንዲያፍን የሚያወፍር ነገር ተጨምሮበታል፤ የታችኛው ብረት ተበልቷል፤ ስድስት ወር ቢበዛ ነው የሚሄደው አለን። ሻጩ እሱም እንዲሁ እንደ ገዛትና እንደማያውቅ ነገረን፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ሻያችንን እንድንጨርስ ለመነን፤ ጨረስን።

ሳይመን ወደ ሥራው ሄደ። እኔና ጽጌ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ከምትሸጥ ሴት ሌላ ሻይ ገዝተን ተቀመጥን። ጽጌ ብርጭቆዋን ታማስላለች፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«ያንን ሚኒባስ ስንገዛም ሰምተህ ነበር?» አለችኝ።

«ሰምቼ ነበር» አልኳት። «ምን እንደሆነ አላወቅኩም። የብርድ ነው ያልኩሽ ስላፈርኩ ነው።»

ቦዳ ቦዳዎች እየተንጫጩ ያልፋሉ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት፣ እንደዚያ ቀንም የቀለለኝ ጊዜ የለም።

«እኔም ሰምቼው ነበር» አለችኝ። «የከፋኝ ሞተሩ አይደለም። አላውቅም ብትለኝ አንገዛውም ነበር።»

ከዚያ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። ሕፃኑ እየረገጣት ነው፣ ወይም እኔ አስቄያት ነው፤ አላወቅኩም። አሥር ዓመት ሙሉ ይህን ለመጠየቅ ስልክ አንስታ ትመልስ እንደነበር፣ ትኬት ስትቆርጥልኝም ግማሹ ለመኪናው ግማሹ ለዚህ ጥያቄ እንደነበር ነገረችኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ «በል ተነስ፤ ገና መኪና አልገዛንም» አለችኝና እጇን ዘረጋች። ማን ማንን እንዳስነሳ እንጃ፤ እሷ ከነሆዷ፣ እኔ ከነጉልበቴ።

ረቡዕ፣ ሰማያዊቷ

ረቡዕ ጠዋት ሰማያዊቷን ቀዝቃዛ እንዳለች አስነሳናት። ሳይመን አዳመጠ፣ እኔ አዳመጥኩ፣ ጽጌም ካቻቢቴውን ቀምታ አዳመጠች። ንጹሕ ነው። ዘይቷ ቀጭን፣ ካምቢዮዋ ያለ ግፊት የሚቀይር፣ ከሥር ሻንሲዋ ቀጥ ያለ። ማግኔቴ በአንድ በር ላይ ለቀቀ፤ መምህርቷ ቀድማ የትምህርት ቤቱ በር እንደገጫት ነግራን ነበር። ወረቀቷና ሰሌዳዋ የጁባ ነው፣ የተሟላ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ከዳሽቦርዱ አንዲት ሴት በጃፓንኛ ረጅም ነገር ትናገራለች። መኪናዋ ከጃፓን ስትወጣ ይዛው የመጣችው ነው፤ ማንም ሊያጠፋው አልቻለም። ቤዛዊት ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር። ሴትዮዋ ተናግራ ስትጨርስ ከኋላ ወንበር «እሺ» ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ በተነሳች ቁጥር እንዲሁ ሆነ።

ፈተናው ሁለት ነበር። የመጀመሪያው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነው። ጽጌ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት፣ አንድ ጆንያ ድንች፣ ቅቤና ቃሪያ ገዛች፤ ጤፉን ከአገራችን ልጅ ሱቅ ጨመርን። ተሸካሚዎቹ ወረወሩብን። ደሳለኝ ከፊት፣ እኔ፣ ቤዛዊትና ሳይመን ከኋላ፣ ጽጌ መሪው ላይ። አዋጅ የታወጀበት ሕዝብ ያህል ተጭነን ከገበያው ኋላ ባለው የተቦረቦረ መንገድ ሄድን። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ከሥር መሬት የሚነካ ነገር ካለ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነካች፤ እሱም ጉድጓዱ የመኪና ሳይሆን የዓሣ ማርቢያ ነበር።

ቀኝ መሪ ላይ የሚያስቸግረው መቅደም ነው፤ ሾፌሩ ከፊት ያለውን ጭነት መኪና ተሻግሮ አያይም። በግራ የተቀመጠው ደሳለኝ እንዲያይላት ተስማማን። ደሳለኝ ግን ነገር ሳያጣራ የማይናገር ሰው ነው። «ነጻ... ይመስለኛል...» ሲል መንገዱ ተይዞ ይሆናል። በኋላ ቤዛዊት ከኋላው ተንጠልጥላ «እማዬ እለፊ» ትል ጀመር፤ እሷ አትሳሳትም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንደዚህ ያለ ረዳት አላየሁም።

ከዚያ ጽጌ ምግብ ቤቷ ፊት ለፊት አቆመች። በሯን ከፍታ ወረደች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መሪው በቀኝ ስለሆነ የወረደችው በእግረኛው በኩል ነው፤ ከኋላ ከሚበርሩት ቦዳ ቦዳዎች ሙሉ መኪና ይለያታል። በግራ መሪ ብትሆን ሆዷን ይዛ ወደ መሀል መንገድ ነበር የምትወርደው። ሁለት ቀን ሙሉ የናቅኩት ነገር ለዚህች ሴት ከሁሉ የሚሻለው ነበር። ይህን ለሳይመን ስነግረው እሱም አላሰበው ኖሮ ፈገግ አለና በጁባ ዓረብኛ «ታማም» አለኝ፤ ልክ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳይመን ላይ የነበረኝ ቅሬታ ጠፋ።

ሁለተኛው ፈተና የእጅ ፍሬን ነው። ዳገት ፍለጋ ወደ ወንዙ ወደብ ወረድን። ጁባ ሜዳ ናት፤ ጥሩ ቁልቁለት ያለው ጀልባዎቹ የሚያራግፉበት ዳርቻ ነው። ፊቷን ወደ ነጭ ዓባይ አድርገን አቆምናት። እኔ ሁሉንም አስወረድኩ፤ ከጎማዎቹ ፊት ሁለት ድንጋይ አደረግኩ፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ስቤ እግሬን ለቀቅኩ። ከጀልባ ዱቄት የሚያወርዱት ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። አንዱ ጽጌን ምን እየሆነ ነው ብሎ ጠየቃት፤ ወንድሜ መኪናዋ መዋኘት ትችል እንደሆነ እያየ ነው አለችው። ወደቡ በሙሉ ሳቀብኝ። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ድንጋዮቹንም አልነካቻቸው።

ሐሙስ፣ ሁለት በረከት

መምህርቷ የጠየቀችው ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ነው። ጽጌ እንግሊዝኛና ጁባ ዓረብኛ እያቀላቀለች፣ እያሳቀቻት፣ ፓራውልቱን በእጇ እየዳበሰች፣ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ላይ «ካላስ» አስባለቻት፤ በቃ ተስማማን ማለት ነው። አዲስ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ተጨመረ። መምህርቷ ቁልፉን ስትሰጥ ኮፈኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሕፃኑ ወንድ ከሆነ ደውይልኝ ብላ ሄደች፤ ሴት ብትሆንስ ብሎ ማንም አልጠየቃትም።

ከሰዓት በኋላ የጽጌ ቄስ መጥተው መኪናዋን ጸበል ረጩልን። ማታ ላይ ደግሞ የደሳለኝ የጸሎት ወዳጆች ስድስት ሆነው እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ ጭነው ጸለዩላት። ጽጌ ከዚህ በኋላ እንኳን አደጋ ቡጭራትም አይነካት አለች። እኔ በበኩሌ የወንበሮቿን ጨርቅ አይቼ፣ ላስቲክ እንዳታለብስባቸው ቃል አስገባኋት። ሳይመን የደከመበትን ዋጋ አልቀበልም ብሎ አስቸገረን፤ በመጨረሻ ለሁለት ቀን ምሳ ተስማማ።

ለሚጠይቀኝ ሰው ፍርዴ እንዲህ ነው። ሰማያዊቷ ውብ አይደለችም። የፊት መቀመጫዋ የደሳለኝን ጉልበት ይጨንቃል፤ ጣሪያዋ ግን ጭንቅላቱን አትነካም። ቤንዚን አትጠጣም፣ መለዋወጫዋ ከካምፓላ በአውቶቡስ በሁለት ቀን ይደርሳል። አምስት ሰውና የምግብ ቤት ቀለብ ይዛ ጉድጓድ ትሻገራለች። አዲስ አበባ ብትሆን ማንም አይገዛትም ነበር። ደግነቱ አዲስ አበባ አይደለችም።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

አየር ማረፊያ ያደረሱኝ በሰማያዊቷ ነው። በክብር ከፊት በግራ አስቀመጡኝ። መሪ በሌለበት የሾፌር ወንበር ተቀምጬ መንገዱን ሁሉ ወለሉን ስረግጥ ሄድኩ። ጽጌ እግሬን እያየች ስታስተምረኝም እንዲሁ ነበርክ አለችኝ። ስንሰናበት ካቻቢቴዬን ሰጠኋት። እሷ ደግሞ ለሚስቴ አንድ ጨርቅ፣ ለእኔ የደረቀ ዓሣ አስያዘችኝ፤ ቦሌ ስደርስ ከሻንጣዬ ሰዎች ይሸሹ ነበር።

ሰፈር ስገባ ወዳጆቼ ለእህትህ ምን ዓይነት መኪና መረጥክላት ብለው ከበቡኝ። ቀኝ መሪ ስላቸው ሳቁ። ከጉዞው የተማርኩትን ብነግራቸው አይጥማቸውም፤ ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። መኪና የሚገዛው ለሚቀመጥባት ሰው ነው። ሌላው፣ አላውቅም ማለት የሚያስፈልገኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነበር፤ ያልኩት ግን አንድ ማክሰኞ ነው። አሁን ሰው መኪና እይልኝ ሲለኝ እሄዳለሁ፣ የማላውቀውን ድምፅ አላውቀውም እላለሁ። ምሳ የሚጋብዘኝ ሰው አልቀነሰም።

ጽጌ በየእሑዱ ጠዋት ሞተሩን ሳታሞቅ አስነስታ በስልኳ ቀድታ ትልክልኛለች፤ «ስማልኝ» ትላለች። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳምጣለሁ፤ ንጹሕ ነው ወይም አላውቅም ለሳይመን አሳዪው እላታለሁ። ባለፈው መጋቢት መጨረሻ ግን የደረሰኝ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ ጃፓናዊቷ ትናገራለች። ቤዛዊት «እሺ» ትላታለች። ደሳለኝ በዝግታው ቀስ ብለሽ ንጂ ይላል፤ አንድ ሰው ክላክስ ይመታል። ከሁሉም በላይ አንድ የሁለት ሳምንት ሕፃን በሙሉ ሳንባው ያለቅሳል። ሦስት ጊዜ መልሼ አደመጥኩት። ሞተሩን ልሰማው አልቻልኩም።